ባልዲውም፣ ሲኒውም፣ መጥረጊያውም ይሣላል



እስቲ ዛሬ ጠዋት በእጅሽ ያለፉትን ዕቃዎች አስቢያቸው። ፔርሙሱ፣ የዐረብ ቡና የሚቀዳበት ደላ፣ ጆሮ የሌላቸው ትንንሽ ፊንጃሎች፣ የልጆቹ የወተት ኩባያ፣ ትልቁ የሩዝ ድስት፣ ባልዲው፣ የወለል መወልወያው፣ ካውያው፣ ዕጣን የሚጨስበት መብኸራ። ገና ቀትር ሳይሆን መቶ ዕቃ አንስተሽ አስቀምጠሻል። እነዚህን ዕቃዎች ከባለቤቶቻቸው ይልቅ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። የትኛው ፊንጃል ጠርዙ እንደተሸረፈ፣ የትኛው ድስት እጀታው እንደላላ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በወጥ ቤቱ መስኮት ስትገባ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደምታርፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ይህ ዕውቀት ዋጋ አለው ብሎ የነገረሽ ሰው ይኖር ይሆን? ምናልባት አይኖርም። በዚህ ጽሑፋችን የምንጨዋወተው ግን ስለዚሁ ነው። በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ ሠዓሊዎች ዕድሜያቸውን የሰጡት የቤት ዕቃን አስተውሎ ለማየት ነበርና።

ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የቅዱሳን ሥዕል፣ የነገሥታት ሥዕል፣ የዐድዋ ጦርነት ሥዕል ነው። ባልዲና መጥረጊያስ ይሣላል? አዎን፣ ይሣላል። ያውም ሰው ከሩቅ አገር ትኬት ቆርጦ እየሄደ ያየዋል።

ሁለት ሰዎችና አንድ ሰማያዊ በር

አንድሩ ዋየት የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ነበር። የኖረው እ.ኤ.አ. ከ1917 እስከ 2009 ነው። ይህ ሰው ያየውን ነገር እንዳየው አድርጎ በመሣል፣ በተለይም በውሃ ቀለም ሥራዎቹ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሜይን በሚባለው ግዛት ከአንድ የገበሬ ቤት ጋር ተዋወቀ። በቤቱ የሚኖሩት ክርስቲና ኦልሰንና ወንድሟ አልቫሮ ነበሩ። ክርስቲና ከልጅነቷ ጀምሮ ጡንቻዋ እየደከመ ሄዶ መራመድ ተስኗት ነበር። ተሽከርካሪ ወንበር ግን አልፈለገችም። በቤቱም በሜዳውም የምትንቀሳቀሰው መሬት ለመሬት እየተሳበች ነበር። የቤት ሥራዋንም ትሠራ ነበር። ዋየት እ.ኤ.አ. በ1948 ሣር ላይ ተቀምጣ ወደ ቤቷ ስትመለከት የሣላት ሥዕል ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አለ። በአሜሪካ በጣም ከሚታወቁት ሥዕሎች አንዱ ነው።

እኛ ልንነግርሽ የፈለግነው ግን ስለ ሌላኛው ሥዕል ነው። ዋየት ወደዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል ተመላልሷል። አልቫሮ እ.ኤ.አ. በ1967 መጨረሻ ሞተ። ክርስቲናም አንድ ወር ያህል ብቻ ቆይታ በ1968 መጀመሪያ ተከተለችው። በዚያው ዓመት ዋየት ሰው ወደሌለበት ቤት ተመልሶ ገባ። እዚያም አንድ ሥዕል በውሃ ቀለም ሠራ። ስሙን “አልቫሮና ክርስቲና” አለው። ሥዕሉ ላይ ግን አልቫሮም የለም፣ ክርስቲናም የለችም። ያለው ውሻ በጥፍሩ የቧጨረው ሰማያዊ በር፣ ባልዲ፣ ቅርጫትና የተሰቀለ ጨርቅ ነው። በቃ።

እህቴ፣ ነገሩን ልብ በይልኝ። ይህ ሠዓሊ ሁለቱን ሰዎች ለማስታወስ ፊታቸውን መሣል አላስፈለገውም። በየቀኑ ይይዙት የነበረውን ባልዲ ሣለ። እጃቸው በዕቃው ላይ ቀርቶ ነበርና።

አንቺስ የእናትሽን ቤት ስታስቢ መጀመሪያ የሚታይሽ ምንድን ነው? ጥቀርሻ የለበሰው ጀበና አይደለም? ጠርዙ የተላላጠው ሞሰብ፣ የተሰነጠቀው ሙቀጫ፣ ምጣድ ማሰሻው ጨርቅ አይደለም? ዕቃው ሲታይሽ እናትሽ ሳትጠራ ትመጣለች። ዋየት የሣለው ይህንኑ ነው።

ሠራተኛዋ ባለችበት ሥዕል

የቤት ዕቃን የሣሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛንም ሣሉ። በኔዘርላንድ ዴልፍት ከተማ የኖረው ዮሃንስ ቨርሜር እ.ኤ.አ. በ1658 ገደማ አንዲት የቤት ሠራተኛ ወተት ስትቀዳ ሣለ። ሥዕሉ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 41 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዛሬ አምስተርዳም በሚገኘው ራይክስ ሙዚየም ከሚታዩት ሥዕሎች ሁሉ እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ነው።

በሥዕሉ ላይ ያለው ነገር ሁሉ አንቺ የምታውቂው ነው። ከማሰሮው ቀጥኖ የሚወርድ ወተት፣ ጠረጴዛ ላይ የተቆራረሰ ዳቦ፣ ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር፣ ምስማር የተነቀለበት ቀዳዳ፣ በጎን ከመስኮት የሚገባ ብርሃን። ሴትየዋ እጅጌዋን ሰብስባለች። ሽርጧ ሰማያዊ ነው። ያ ሰማያዊ ቀለም የተቀመመው ከአፍጋኒስታን ይመጣ ከነበረ ውድ ድንጋይ ነው። ያን የመሰለ ውድ ቀለም ለሠራተኛ ሽርጥ መዋሉን አስቢው።

የሙዚየሙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ነገር አስታወቁ። ቨርሜር መጀመሪያ ከሴትየዋ ጀርባ የማሰሮ መስቀያ፣ ከታች ደግሞ የእሳት ቅርጫት ሣል አድርጎ ነበር። በኋላ ግን ሸፈናቸው። ግድግዳውን ባዶ ሲያደርገው ሴትየዋና ማሰሮዋ ጎልተው ታዩ። የመጀመሪያውን ትምህርት ከዚህ ውሰጂ። ቤቱን በሙሉ መሣል አያስፈልግም፤ አንድ ዕቃ ይበቃል።

በፓሪስም ዣን ሲሜዮን ሻርዳን የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1699 እስከ 1779 ኖሯል። የአናጢ ልጅ ነው። በ1734 ገደማ የሣለው የመዳብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ በ1739 ደግሞ የሣላት ከገበያ ዳቦ ተሸክማ የተመለሰች ሠራተኛ ዛሬ በታላቁ የሉቭር ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ትልቅ ሥዕል የሚባለው የነገሥታትና የጦርነት ሥዕል ነበር። የሻርዳን ድስቶች ግን እስከ ዛሬ ይታያሉ።

በምትኖሪበት አገርስ?

በሳዑዲ ዐረቢያም የቤትን ኑሮ በሥዕል ያስቀመጡ ሴት አሉ። ሰፊያ ቢንዛጋር ይባላሉ። በጅዳ እ.ኤ.አ. በ1940 ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወደ ካይሮ ሄደው አደጉ። በ1963 ሲመለሱ የቀድሞው የአኗኗር ወግ እየጠፋ መሆኑን አዩ። ስለዚህ የሴቶቹን ልብስ፣ የሠርጉን ሥርዓት፣ የቤቱን ሥራ አንድ በአንድ መሣል ጀመሩ። በ1968 ከሙኒራ ሞስሊ ጋር ሆነው በጅዳ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ያሳዩት ኤግዚቢሽን በአገሪቱ ሴቶች ካሳዩት ሁሉ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ያረፉት በ2024 ነው።

አንቺ ካለሽበትም ሩቅ ያልሆነ ቦታ አለ። በደማምና በኮባር አጠገብ፣ ዳህራን ውስጥ፣ ኢትራ የሚባለው የንጉሥ አብዱልዓዚዝ የዓለም ባህል ማዕከል ይገኛል። በኮባር መንገድ በመኪና ስታልፊ በቀጫጭን የብረት ቱቦ የተጠቀለለ፣ ትልልቅ ጠጠር ተደጋግፎ የቆመ የሚመስለውን ሕንፃ አይተሽው ይሆናል። በ1938 ነዳጅ በብዛት ከወጣበት ከሰባተኛው የደማም ጉድጓድ አጠገብ የነዳጁ ኩባንያ አራምኮ ያሠራው ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2018 ሲሆን ሙዚየም፣ ቤተ መጻሕፍትና የሕፃናት ክፍል አለው። ቤተሰቡ ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ሲሄድ አብረሽ ከወጣሽ፣ ልጆቹን እየጠበቅሽም ቢሆን በመስታወት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች አንድ ጊዜ ተመልከቻቸው። ሳህንና ማሰሮ ታያለሽ። አንቺ ስታጥቢው የምትውዪው ዓይነት ዕቃ እዚያ በክብር ተቀምጧል።

የእኛስ?

የእኛም አገር እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሕዝባችን ከልደት እስከ ሞት የሚገለገልበትን ዕቃ ሰብስቦ ያሳያል። በሐረር ሴቶች የሚሰፉት ስፌት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ለጌጥ ጭምር ነው። የሥዕል ትምህርት ቤታችንን በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል።

ስለዚህ ዕቃን አክብሮ ማየት ለኛ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆነው አንቺ ራስሽ ብሩሽ ስትይዢ ነው።

የውሃ ቀለም እንዴት ያለ ነው?

የውሃ ቀለም የተፈጨ ቀለም በሙጫ ተለውሶ የሚሠራ ነው። ሙጫው ከግራር ዛፍ የሚወጣው ሲሆን በብዛት የሚመጣውም ከጎረቤታችን ከሱዳን ነው። በውሃ ይቀጥናል፣ በወረቀት ላይ ይደርቃል። ሽታ የለውም፣ በውሃ ይታጠባል፣ ከትራስ ሥር ይቀመጣል። ለአንቺ ኑሮ የተመቸ ነው።

ከሌላው ቀለም የሚለየው ብርሃን የሚያሳልፍ መሆኑ ነው። ነጭ ቀለም አይቀባም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ፊንጃሉ ላይ የሚያብለጨልጨውን ነጥብ ለማሳየት ከፈለግሽ ያን ቦታ ሳትነኪ መተው አለብሽ። ስለዚህ ከመቀባትሽ በፊት የማትነኪውን ትወስኛለሽ። ሥራው የሚሄደው ከደብዛዛው ወደ ደማቁ ነው። መጀመሪያ ቀጭን ቀለም ትቀቢያለሽ፣ እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ትደግሚበታለሽ። ሲደርቅ ከመጀመሪያው እንደሚደበዝዝም አትርሺ። ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ቶሎ ይደርቃል። በነሐሴ የኮባር ወበቅ ደጅ ብታወጪው ግን ይዘገያል።

በቡና ጀምሪ

ቀለም ለመግዛት ገንዘብ ወይም ፈቃድ እስክታገኚ መጠበቅ የለብሽም። የፈላ ቡና ካለሽ ቀለም አለሽ። በሦስት ትንንሽ ዕቃዎች ቡና አድርጊ። አንደኛውን እንዳለ፣ ሁለተኛውን በውሃ አቅጥነሽ፣ ሦስተኛውን በጣም አቅጥነሽ። ጠቆር ያለ፣ መካከለኛና ደብዛዛ ቡናማ ይሆንልሻል። ወፈር ያለ ወረቀትና አንዲት ብሩሽ ይበቃል። ቡና በብርሃን ውስጥ ሲቆይ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ለመለማመጃ ግን የሚስተካከለው የለም። አሁን እንዲህ አድርጊ፦

1. አንድ ሲኒ ወይም ፊንጃል በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጪ። ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ። መስኮት ወይም አንድ መብራት ይበቃል።

2. ሁለት ደቂቃ ሳትሥዪ እዪው። የሲኒው አፍ ክብ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ከጎን ሲታይ ግን እንደ ዕንቁላል የተጨመቀ ነው። ዓይንሽን ዝቅ ባደረግሽ ቁጥር እየጠበበ ሄዶ መስመር ይሆናል። የምታውቂውን ሳይሆን የምታዪውን ሣዪ። ትልቁ ምሥጢር ይህ ነው።

3. በእርሳስ ቀለል አድርገሽ ቅርጹን አውጪ። የሲኒው መቀመጫ ከአፉ ይበልጥ ጎበጥ ይበል፤ ወደ ታች ስናይ እንደዚያ ይታየናልና።

4. በጣም የቀጠነውን ቡና ከሚያብለጨልጨው ነጥብ በቀር በሙሉ ቀቢው። ይድረቅ።

5. መካከለኛውን ብርሃን በማያርፍበት ጎን ቀቢ። ጠርዙ እንዳይደርቅ ንጹሕ ውሃ የነካ ብሩሽ አስኪጂበት፤ ቀለሙ ራሱ ቀስ ብሎ ይጠፋል።

6. ጥላውን አትርሺ። ጥላ የሌለው ሲኒ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ጥላው እጅግ የሚጠቁረው ሲኒው ጨርቁን በነካበት ቦታ ነው። እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል።

የመጀመሪያው ያስቃል፤ ይሳቅበት። አሥረኛው ሲኒ ይመስላል። “ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ብለው የለ አባቶቻችን!

ቀለም መግዛት ስትችዪ ኮባርም ደማምም የጀሪር መጻሕፍት መደብር አለ። አቡ ሪያሌን በሚባሉት ርካሽ ሱቆችም ለተማሪ የሚሆን ይገኛል። ቀለሙ ርካሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ወረቀቱ ግን ወፍራም ይሁን። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚል የተጻፈበት ውሃ ሲነካው አይጨማደድም። ብዙ ቀለም አያስፈልግሽም። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ቡናማ ይበቃሉ። ጥቁር ከመግዛት ይልቅ ሰማያዊና ቡናማ ቀላቅዪ። የባልዲው ጥላ፣ የድስቱ ጥቀርሻ፣ የካውያው ብረት ሁሉ ከዚያ ይወጣል።

ደላውን ለመሣል ስትደርሺ የብር ወይም የወርቅ ቀለም አትፈልጊ። ያብለጨለጨ ብረት የራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። የሚያሳየው ዙሪያውን ነው። በየሳምንቱ ስትወለውዪው አስተውለሽ ይሆናል። መስኮቱ በሆዱ ላይ ጎብጦ ይታያል፣ መጋረጃው ይታያል፣ አጎንብሰሽ የምትወለውዪው አንቺም በትንሹ ትታያለሽ። ደላውን በትክክል የሣልሽ ቀን ራስሽንም ሣልሽ ማለት ነው።

ጥንቃቄ አይክፋ

እህታችን፣ ይህን የምንነግርሽ ደስታሽ ነገር እንዳያመጣብሽ ነው። የምትኖሪው በሰው ቤት ነው። የቤቱን ሰዎች ፊት፣ በተለይም የሴቶቹንና የልጆቹን፣ አትሣዪ። የቤቱን የውስጥ አቀማመጥም እንዲሁ። ለመሣል ብለሽም በስልክ ፎቶ አታንሺ። ብዙ የሙስሊም ቤተሰቦች ሕይወት ያለውን ነገር መሣል አይወዱም። ሲኒና ባልዲ ላይ ግን ቅር የሚለው ሰው እምብዛም ነው። በድብቅ ከማድረግ ለማዳም አስቀድሞ መንገር ይሻላል። “ማዳም፣ በዕረፍቴ ሰዓት ፊንጃል ልሣል?” ብትያት ከመገረም በቀር ምን ትላለች? ውድ የሆነውን ዕቃ ለሥዕል ብለሽ አታውጪ። የተሸረፈው ፊንጃል ከአዲሱ ይበልጥ ለሥዕል ያምራል።

ጊዜ ከየት ይመጣል ብለሽ ይሆናል። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የሥራውን ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ የሳምንቱም ዕረፍት ከ24 ሰዓት እንዳያንስ ያዛል። ይህ በየቤቱ እንደማይፈጸም አንቺም እኛም እናውቃለን። ነገር ግን መብትሽ መሆኑን ዕወቂ። የሌለሽን ሰዓት አንሰጥሽም። ሩዙ እስኪበስል ያለችው ሃያ ደቂቃ ግን ለአንድ ሲኒ ትበቃለች። ያም ካልተገኘ ማየቱን ማንም አይከለክልሽም። ባልዲውን ስትሞዪ ውሃው ላይ የሚጫወተውን ብርሃን እዪው። ሥዕል ግማሹ ማየት ነው።

ምን ይጠቅመኛል?

ሥዕል ደመወዝ አይጨምርም። ቀለሙን ሸጠሽ ቤት ትሠሪያለሽ ብለን አንዋሽሽም። ነገር ግን ይህን አስቢው። ወደ አገር ቤት የተመለሱ እህቶች “ስንት ዓመት ተቀመጥሽ?” ሲባሉ ቁጥሩን ይናገራሉ። “ምን አየሽ?” ሲባሉ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። የላኩት ገንዘብ ቆርቆሮ ሆኗል፣ የወንድም ትምህርት ሆኗል፣ የእናት መድኃኒት ሆኗል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለራሳቸው ከነዚያ ዓመታት የቀረ ነገር ግን የለም። ወጣትነት ያለፈበት ወጥ ቤት፣ ሌሊት የተተኮሰበት ካውያ፣ ስልክ ሲጠበቅ የታየ መስኮት ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል።

የዕቃው ባለቤት ሌላ ነው። ዓይንሽ ያየው ግን ያንቺ ነው። የሣልሽውን ወረቀት ከታች በኩል ስምሽን በፊደላችን ጻፊበት፣ ቀኑንም ጨምሪ፣ “ደማም” ወይም “ኮባር” በይ። ቤት ውስጥ በየቀኑ ከምትነኪው ነገር ሁሉ ስምሽ ያለበት ምናልባት ያ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ስትመለሺ ከሻንጣሽ አውጥተሽ ለእናትሽ ታሳያታለሽ። እሷም ጀበናዋን ታነሣና “እስቲ ይህንንም ሣዪልኝ” ትልሽ ይሆናል።

ለዛሬው በዚህ እናብቃ። ነገ ጠዋት ፊንጃሉን ስታጥቢ፣ ከማድረቅሽ በፊት አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ አንሥተሽ እዪው። በሰላም ያገናኘን።